አራት ምት ዕረፍት

ማስትሮ የሞተው መብራት በርቶ፣ ሰው እያየው ነው። መርማሪዋን መጀመሪያ ግራ ያጋባትም ይኸው ነበር። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ጥግ አስይዘው የገደሉትን፣ በር ዘግተው የገደሉትን ብዙ አይታለች፤ መድረክ መሀል ቆሞ፣ እጁን ለሙዚቃ አንሥቶ የሞተ ሰው ግን አላጋጠማትም።

ጥሪው የደረሳት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቴአትር ቤቱ ስትደርስ ዝናቡ ገና እያካፋ ነበር። አዳራሹ ውስጥ አራት ሰዎች እንደ ተኳረፈ ቤተሰብ ተራርቀው ተቀምጠዋል። አዲሱ ሙዚቃዊ ተውኔት ለሕዝብ ሊቀርብ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፤ የዕለቱ ልምምድ የሁለት ዘፈን ብቻ ስለነበር የቀሩት ተዋንያን አልተጠሩም።

መድረኩ መሀል ላይ ሜትር በሜትር የሚሆን ጉድጓድ አፉን ከፍቷል። ተጎንብሳ አየች። ከታች፣ አራት ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ሁሉም ማስትሮ የሚሉት የስልሳ ስድስት ዓመቱ የሙዚቃ መሪ ሲሚንቶ ላይ በጎኑ ተኝቷል። ቀጭኗ የመሪነት ዘንግ ከእጁ አልወጣችም።

ጉድጓዱ የተውኔቱ አካል ነበር። በመጨረሻው ክፍል ዋናው ገጸ ባሕርይ ከተመልካች ዓይን የሚሰወረው በዚህ የወለል በር ነው። በሩን ከሥር የሚይዘው ብረት መቀርቀሪያ ሲሆን፣ የመቀርቀሪያው እጀታ ያለው በመድረኩ ግራ በኩል ከመጋረጃው ጀርባ ነው። እጀታው ሲሳብ በሩ ወዲያው አይወድቅም፤ የሰው ክብደት እስኪያርፍበት ድረስ እንደ ደህና ወለል ቀጥ ብሎ ይጠብቃል። በሥራ ላይ በሚውልበት ቀን ከሥሩ ወፍራም ፍራሽ ይነጠፋል። የዚያን ዕለት አልተነጠፈም።

«እኔ ነኝ» አላት አንድ ሰው ከኋላዋ። «ይጻፉት። እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

የመብራት ሠራተኛው ነው። ሁሉም አምፖል ይሉታል፤ ስለ ሙያው ይሁን ስለ በራው የሚያውቅ የለም።

«እንዴት ገደልካቸው?»

«መቀርቀሪያውን ሳልዘጋው ቀርቼ ነዋ። እጀታው ይንጫጫ ስለነበር ምሳ ሰዓት ላይ ግራሶ ቀባሁት። ያን ጊዜ አላቅቄው ይሆናል። ከባለቤቴ ጋር በስልክ ስጨቃጨቅ ነበር፤ እጄ ምን እንደሠራ አላስታውስም።»

«መዝጋትህን አታስታውስም። አለመዝጋትህንስ ታስታውሳለህ?»

አምፖል አሰበ። «እሱንም አላስታውስም። ግን በሩ ተከፈተ አይደል?»

መርማሪዋ የተናገረውን ደብተሯ ላይ ጻፈች። ጣቢያው ውስጥ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ስለሆነችና የገባችበትን ስፌት ሳትጨርስ ስለማትወጣ። አለቃዋ በስልክ ሲያገኛት ግን ስፌት የሚያስፈልገው ነገር አልታየውም።

«ሰውየው አምኗል አሉ። ቸልተኝነት ብለሽ ፋይሉን ዝጊው።»

«አምኗል» አለች። «ያመነው ግን የማያስታውሰውን ነው።»

አምፖልን አብሯት የመጣው ሳጅን ወደ ጣቢያ ወሰደው። ሲወጣ እንደታሰረ ሰው ሳይሆን የሚገባውን ቦታ እንዳገኘ ሰው ቀለል ብሎት ነበር።

ዋናዋ ዘፋኝ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። ተረከዛቸው ብረት የተመታ የጭፈራ ጫማዎች አድርጋለች፤ እግሯን ባንቀሳቀሰች ቁጥር አዳራሹ ያስተጋባል። መርማሪዋ አጠገቧ ስትቀመጥ ቀና ብላ አላየቻትም።

«ያን መብራት ሠራተኛ ለምን ወሰዱት? ጥፋቱ የኔ ነው» አለች።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ልጄ።»

«በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዘፈን መሀል መብራት ይጠፋል። ጨለማው ውስጥ ፒያኖ ብቻ ይጫወታል። ከዚያ ፒያኖው ዝም ይላል፤ ተመልሶ ሲመታ መብራት ይበራል፣ እኔም አብሬ እገባለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ እሳሳታለሁ። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ማስትሮን ‹መብራት ሲበራ እጅዎን እንዳየው መሀል ላይ ይቁሙልኝ› ብዬ ለመንኳቸው። መብራቱ ሲበራ ወደ መሀል ሁለት እርምጃ ተራመዱ። ከዚያ... አልነበሩም።»

«ስትለምኛቸው ማን ነበር?»

«ሁላችንም ነበርን።»

«ከጨለማው በፊት ያን ወለል የረገጠው ሰው አለ?»

«እኔ ራሴ። የመጀመሪያው ዘፈን የሚያልቀው እዚያው ላይ ሦስት ጊዜ ዘልዬ ነው።»

የመርማሪዋ እስክሪብቶ ቆመ። «ዛሬም ዘለልሽ?»

«ዛሬም። ለምን?»

«እንዲሁ ነው። ከጨለማው በኋላስ፣ ዛሬም ተሳሳትሽ?»

ልጅቷ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «የዛሬውማ ከሁሉም የባሰ ነው። ጨለማ ውስጥ፣ ፒያኖው ገና ሳይመታ ‹ቅዳልኝ› ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። የሰካራም ሴት ዘፈን ነው፣ እንደዚያ ነው የሚጀምረው። አፍሬ ዝም አልኩ። ማስትሮ ወደ መሀል የመጡት እኔን ሊያግዙ ነው። ሁልጊዜ ባልሳሳት ኖሮ ካሉበት አይንቀሳቀሱም ነበር።» ከቦርሳዋ ስልኳን አወጣች። «ስህተቴን ቤቴ ሆኜ እንድሰማ ልምምዱን ሁሉ እቀዳለሁ። የዛሬውም አለ። እኔ ለመስማት አቅም የለኝም፤ እርስዎ ይውሰዱት።»

ደራሲው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ግጥሙንም ንግግሩንም የጻፈው እሱ ነው፤ የማስትሮ የአርባ ዓመት ጓደኛ። ሲናገር ጣቶቹ ኮፍያውን ያዞራሉ።

«ጨለማው ሲመጣ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ከዚህ ወንበር አልተነሣሁም።»

«ዝናቡ ሲጀምር ስንት ሰዓት ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ውስጥ ነበርኩ።»

«ትከሻዎ ግን ርሷል።»

ደራሲው ትከሻውን በእጁ ዳሰሰ።

«ሲጋራ ላጨስ ወጥቼ ነበር» አለ በመጨረሻ። «መብራቱ ሊጠፋ ትንሽ ሲቀረው ነው የወጣሁት። ክብሪት የሰጠኝ የበሩ ዘበኛ ነው፤ ይጠይቁት። የአርባ ዓመት ጓደኛዬ ሲሞት በረንዳ ላይ ጭስ እያቦነንኩ ነበር ብዬ በምን አፌ ልናገር? ጠዋትም ተጣልተን ነበር።»

«በምን?»

«በአንድ ዘፈን።»

«በየትኛው?»

«ከጨለማው በኋላ ባለው። ያን ዘፈን መስማት አልወድም። መብራት ሊጠፋ ሲል ሁልጊዜ የምወጣው ለሱ ነው።»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ የጻፉት?»

ደራሲው ኮፍያውን ማዞር ተወ። ዘበኛው ግን የተናገረውን አረጋገጠ፤ ጩኸቱ ሲሰማ ሁለቱም በረንዳ ላይ ነበሩ።

ፒያኖው ያለው መድረኩ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ከመጋረጃው ሳይርቅ ነው። ተጫዋቿ የሟቹ ታናሽ እህት ናት፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ። ቤቱ በሙሉ «እትዬ ፒያኖ» ይላታል። ጫማዋን አውልቃ ከወንበሩ ሥር አስቀምጣዋለች፤ የፒያኖውን መርገጫ በካልሲ ነው የምትረግጠው። አላለቀሰችም፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች።

«ነፍስ ይማር» አለቻት መርማሪዋ። «ሙዚቃ የሚባል ነገር አላውቅም። እንደ ሕፃን ያስረዱኝ።»

«ምን ይጠቅምሻል?»

«ሰዎቹ የሚሉኝን ለመረዳት።»

እትዬ ፒያኖ ትንሽ አሰበችና እንደ አስተማሪ ድምፅዋን ቀስ አደረገች። «ከምት እንጀምር። ምት ማለት እንደ ልብ ትርታ እኩል እኩል የሚሄደው ነው። በሱ ላይ የሚራመደው ዜማ ነው። ግጥም የዜማው ልብስ ነው፤ ልብስ ይለወጣል፣ ገላው ግን ያው ነው። እየተመላለሰ የሚመጣው ደግሞ አዝማች ይባላል። ሦስት ድምፅ ባንድ ጊዜ ስትመቺ፣ ያ ኮርድ ነው።»

መርማሪዋ ከማስትሮ የወረቀት ማቆሚያ ላይ ያነሣችውን ኖታ፣ ዜማው የተጻፈበትን ወረቀት፣ ዘረጋች። «ይኼ ምልክትስ?»

«ዕረፍት።»

«ዝምታ ማለት ነው?»

«አይደለም። ዝምታ እንደ ፍላጎቱ ይቆያል፤ ዕረፍት ይቆጠራል። ይኼ የአራት ምት ዕረፍት ነው፤ በዚህ ፍጥነት አራት ሰከንድ። እጅሽ ሥራ ይፈታል እንጂ ቆጠራው አይቋረጥም። ይህን ያላወቀ ሰው ሙዚቀኛ አይባልም።» እስክሪብቶዋን ተቀብላ ምልክቱን የመርማሪዋ ደብተር ላይ ሣለችላት፤ ከሥሩ ወደ ግራ የምትታጠፍ ትንሽ ጅራት ነበረችው፤ ኖታው ላይ በቀለም የተጻፈው ግን ጅራት የለውም።

«እርስዎ በቆጠራ ተሳስተው ያውቃሉ?»

«ሠላሳ አራት ዓመት ተጫውቻለሁ። አንድ ቀን አልተሳሳትኩም።»

«ጨለማው ውስጥ የት ነበሩ?»

«የት እሆናለሁ? ሁሉም ሰምቶኛል።»

«ሌሎቹ ሁሉ ጥፋቱን ወደየራሳቸው ሲያስጠጉ ዋሉ። እርስዎስ?»

ሴትየዋ እጆቿን አየች። «እኔ ምን አጠፋሁ?» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር።

ሁሉም ከተሰናበቱ በኋላ መርማሪዋ ፒያኖው ፊት ተቀመጠች። አሮጌ ነው፤ ቁልፎቹ ከዘመን ብዛት ቢጫ ሆነዋል። መሀል አካባቢ ግን ሦስት ቁልፎች፣ አንድ አንድ እየዘለሉ፣ ከሌሎቹ ነጣ ብለዋል፤ በቅርቡ የተወለወሉ ይመስላሉ። ከደብተሯ አንድ ወረቀት ቀደደችና በአንደኛው ቁልፍና በጎረቤቱ መካከል ባለው ስንጥቅ አስገብታ ሳበችው። የወረቀቱ ጠርዝ ጠቆረ። አሸተተችውና አጥፋ ያዘችው።

ከዚያ ኖታውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። በቀለም የተጻፈው የማስትሮ እጅ ነው፤ ርዕሱ ላይ «ዜማ፦ ማስትሮ» ይላል። ከጨለማው በኋላ ያለው ዘፈን ወረቀት ግን ከሌሎቹ የቆየ ነው፤ ዳሩ ተበልቷል። ከቀለሙ ሥር በእርሳስ ተጽፎ በላጲስ የጠፋ ሌላ ጽሑፍ አለ። ወረቀቱን አጋድማ ብርሃኑ በጎን ሲያርፍበት የዕረፍት ምልክቱ መጀመሪያ ታያት፤ ወደ ግራ የታጠፈች ትንሽ ጅራት አለችው። ቀጥሎ «ቅዳልኝ» ከሚለው ቃል ሥር የነበረውን አነበበች። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ወረቀቱን ስታስቀምጥ እጇ ቀስ ብሏል።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮዋ ውስጥ የዘፋኟን ስልክ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ የእጅ ሰዓቷን አወለቀች። የሦስት ቀን ልምምድ ነበር የተቀዳው። ሰኞን ሰማች፤ ማክሰኞን ሰማች፤ ማስትሮ የሞተበትን ረቡዕን ሰማች። ሁለት ሁለት ጊዜ ደገመቻቸው። ከዚያ ሳጅኑን ጠርታ ጫማውን አስወለቀችውና ወደ ቴአትር ቤቱ ይዛው ሄደች።

ሳጅኑ «በካልሲ ምርመራ ስንሠራ ይኼ መጀመሪያችን ነው» አለ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አራቱም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ እትዬ ፒያኖ እንደ ልማዷ ጫማዋን አውልቃ ፒያኖው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አምፖል በአንድ ቀን እስር ጉንጩ ገብቷል። መርማሪዋ የወለሉን በር አዘግታ መድረኩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ቁም ነገር እንደምትነግር ጎረቤት እንጂ ፖሊስ አትመስልም።

«እያንዳንዳችሁ ለዚህ ሞት ምክንያት አምጥታችሁልኛል» ብላ ጀመረች። «ምክንያት በዛብኝ። ስለዚህ አንድ በአንድ እየመለስኩ ልስጣችሁ። በአምፖል እጀምራለሁ። አንተ መቀርቀሪያውን ዘግተሃል።»

«እንዴት ያውቃሉ?»

«ይቺ ልጅ ከጨለማው በፊት በዚያ በር ላይ በብረት ጫማ ሦስት ጊዜ ዘላለች። ያልተዘጋ ቢሆን መጀመሪያ የምትወድቀው እሷ ነበረች። በሩ የተከፈተው ጨለማው ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የከፈተው ሰው ነው።»

አምፖል አጠገቡ ያለውን ወንበር ያዘና ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ጨለማው ስንት ጊዜ ይቆያል?» ስትል ጠየቀችው።

«ሃያ ሰከንድ። አሥራ ስድስት ምት ሙዚቃ፣ አራት ምት ዕረፍት።»

«ሰዓት አይተህ ነው የምታበራው?»

«የለም። ፒያኖው ኮርዱን ሲመታ ነው። ምልክቴ እሱ ነው።»

«እንግዲህ ጨለማው ሃያ ሰከንድ የሚሆነው ፒያኖው ሃያ ካለ ብቻ ነው። ይህን ያዙልኝ።» ወደ ደራሲው ዞረች። «እርስዎ በረንዳ ላይ ነበሩ፤ ዘበኛው መስክሯል። አምፖል ከሰገነቱ ኋላ ካለው ክፍሉ ወርዶ፣ መድረክ ደርሶ፣ ተመልሶ መብራት ለማብራት ክንፍ ያስፈልገዋል። ዘፋኟ በቀኝ በኩል ነበረች፤ እጀታው በግራ ነው። መድረኩን አቋርጣ ቢሆን ጫማዋ ይሰማ ነበር። አሁን አብረን እንስማ። ከሙዚቃው በኋላ ያለውን ዕረፍት ቁጠሩልኝ።»

መጀመሪያ የሰኞውን አሰማቻቸው። ፒያኖው ዝም ሲል አምፖልና ደራሲው ሳያውቁት በከንፈራቸው ቆጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ኮርዱ መታ። የማክሰኞውም እንዲሁ ነበር። ከዚያ የረቡዕን አደረገች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። በአምስተኛው ላይ የልጅቷ ድምፅ ብቻውን «ቅዳልኝ» አለ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። ደራሲው መቁጠሩን አቆመ። ኮርዱ የመታው አሥራ አንድ ሰከንድ ካለፈ በኋላ ነው፤ ወዲያው የወለሉ ድምፅ ተከተለ። መርማሪዋ ስልኩን ዘጋችው።

«ልጄ» አለች ወደ ዘፋኟ። «ረቡዕ ዕለት ቀድመሽ አልገባሽም። ልክ በሰዓትሽ ነው የገባሽው። የዘገየው ፒያኖው ነው።»

ዘፋኟ እትዬ ፒያኖን አየቻት፤ መልሳ ደግሞ መርማሪዋን አየች።

«ጨለማ ነው» አለች እትዬ ፒያኖ። «ኖታውን ስገልጥ ዘግይቼ ይሆናል።»

«ኖታው ማስትሮ ማቆሚያ ላይ ነበር፤ እርስዎ በቃልዎ ነው የሚጫወቱት። ትናንት ደግሞ በሠላሳ አራት ዓመት አንድ ቀን በቆጠራ እንዳልተሳሳቱ ነግረውኛል። እኔም አምኜዎታለሁ። አልተሳሳቱም፤ ወንበርዎ ላይ አልነበሩም። ከፒያኖው እስከ እጀታው ስድስት እርምጃ ነው። ሳጅኑን ዛሬ በካልሲ አስኬድኩት፤ ሄዶ፣ ስቦ፣ ተመልሶ ለመቀመጥ አሥራ አንድ ሰከንድ ፈጀበት። ድምፅም አልነበረውም። እጀታውም አልተንጫጫም፤ አምፖል ግራሶ ቀብቶታል።»

ከኪሷ የታጠፈውን ወረቀት አውጥታ ፈታችው። «ግራሶ ግን እጅ ይይዛል። ከሳቡ በኋላ መጀመሪያ የነኩት የኮርዱን ሦስት ቁልፎች ነው፤ ዶ፣ ሚ፣ ሶል። ሰው ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ሲሮጥ በመሀረብ ጠረጓቸው። ላያቸው ነጣ፤ በስንጥቁ የገባው ግን ቀረ። ከዚያ ኮርድ በኋላ በዚህ ፒያኖ ማንም አልተጫወተም።»

እትዬ ፒያኖ ቀኝ እጇን ገለበጠችና መዳፏን አየችው።

«ለምን ብዬ ወንድሜን እገድላለሁ?» አለች። ድምፅዋ ግን የሚከራከር ሰው ድምፅ አልነበረም።

«እሱን እርስዎ ቢነግሩኝ ይሻላል። እኔ የማውቀው የዚያ ዘፈን ዜማ መጀመሪያ በእርሳስ የተጻፈ መሆኑን፣ እጁም የእርስዎ መሆኑን ነው። የዕረፍቷ ጅራት ደብተሬ ላይ ከሣሉልኝ ጋር አንድ ናት። ‹ቅዳልኝ› ከሚለው ሥር ደግሞ ‹ተኚልኝ› የሚል ነበር። የሕፃን ማስተኛ ነው።»

ሴትየዋ እጇን ጭኗ ላይ መለሰችው።

«ልጄ ሁለት ዓመቷ ነበር» አለች። «ትኩሳት ያዛት፤ አሥራ አንድ ቀን። እንቅልፍ ሲነሣት ያን ዜማ ሠራሁላት፤ እሱን ካልሰማች አትተኛም ነበር። ከሞተች በኋላ በእርሳስ ጻፍኩትና መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሌላውን ዜማዬን ሁሉ ወንድሜ ወስዷል። ቀምቶኝ አይደለም፤ ሰጥቼው ነው። ወጣቶች ሳለን ‹የሴት ነው ካልን ማን ይሰማናል› አለኝ፤ አመንኩት። ከዚያ በኋላ ሕዝብ ሲያጨበጭብለት ከጎኑ ተቀምጬ ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቴን ነው። ያቺን አንዷን ግን አልሰጠሁትም። መሳቢያዬን ከፍቶ ነው ያወጣት። ምቱን አፈጠነው፤ ሰካራም ሴት እየተንገዳገደች እንድትዘፍነው አደረገ። የሚመታው ኮርድ ደግሞ የኔ እጅ ነው።»

«ተዉት አላሉትም?»

«ሦስት ጊዜ ለመንኩት። መጨረሻ ላይ፣ ማክሰኞ፣ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ምን አለበት፣ ልጅቷ እንደሆነች አትሰማው።› በማግስቱ ጠዋት ይቺ ልጅ ‹መሀል ላይ ይቁሙልኝ› ስትለው ሰማሁ። ይሰበራል ብዬ ነበር። እግሩ ተሰብሮ ቢተኛ ተውኔቱ ይቀራል ብዬ...»

«ፍራሹ እንዳልተነጠፈ ያውቁ ነበር?»

መርማሪዋ ጥያቄውን የጠየቀችው በለሆሳስ ነው። ሴትየዋ መዋሸት ትችል ነበር፤ ማንም አያስተባብላትም።

«አውቅ ነበር» አለች። «አሥራ ስድስቱን ምት ስጫወት ሁሉ አውቅ ነበር። ከተመለስኩ በኋላም ኮርዱን ባልመታው መብራት አይበራም፣ እሱም አይራመድም። ጣቶቼን ቁልፉ ላይ አድርጌ አንድ አፍታ ቆይቻለሁ። ከዚያ መታሁት።»

ሳጅኑ ወደ እርሷ ሄደ። ካቴናውን ሲያወጣ መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀችበት፤ መልሶ ከተተው። እትዬ ፒያኖ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ከወንበሩ ሥር አወጣችና ሳትቸኩል አንድ በአንድ አደረገች። ዘፋኟ አለቀሰች። አምፖል ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት የእትዬ ፒያኖን ክንድ ይዞ ከመድረኩ ደረጃ አወረዳት፤ በዚያ ቤት ሁሌም እንደሚያደርገው።

«እትዬ፣ ደረጃው ያንሸራትታል» አላት።

«አየሁት፣ ወንድሜ። ባንተ ላይ ላደረኩት ይቅር በለኝ።»

አምፖል ደረጃው እስኪያልቅ ክንዷን አልለቀቀም።

ሦስተኛው ረድፍ ጋ ሲደርሱ ደራሲው ተነሥቶ መንገዱ ላይ ቆመ። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዟል። እትዬ ፒያኖ ቆመች፤ አላየችውም፤ መንገድ እስኪለቅላት ጠበቀች። ገለል ሲልላት አለፈች፣ ሳጅኑም ተከተላት።

መርማሪዋ ደብተሯን ወደ ቦርሳዋ ስትከት ደራሲው መጥቶ ፊቷ ቆመ።

«‹ቅዳልኝ› የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አላት። «‹ተኚልኝ› የሚለውን በላጲስ ያጠፋሁትም እኔው ነኝ። ‹አስቂኝ አድርገው› ብሎ ወረቀቱን ሲሰጠኝ የማን እጅ እንደሆነ አውቄያለሁ። የልጅቷ ቀብር ላይ ነበርኩ። ሣጥኗን በአንድ እጄ ነው የያዝኩት፤ ያን ያህል ቀላል ነበረች። ዜማዎቹ ሁሉ የሷ እንደሆኑም ሠላሳ ዓመት አውቄ ዝም ብያለሁ። ረቡዕ ጠዋት ነው መጀመሪያ አፌን የከፈትኩት፤ ያንንም ቶሎ ዘጋሁት። ከዚያ ሄጄ ሲጋራ አጨስኩ። እኔንም ይጻፉኝ።»

መርማሪዋ የዓይን መነጽሯን አወለቀች። አምፖልን ያስፈታችው በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ዘፋኟን በሌላ ነበር። ለዚህ ሰው የሚሆን ዓረፍተ ነገር ፈለገች።

«ለዚህ የሚሆን አንቀጽ የለኝም» አለችው።

«ሕጉ ውስጥ?»

«ሕጉ ውስጥ።»

ደራሲው የታሰረ ሰው እንደሚያደርገው ሁለት እጆቹን ከፊቱ ይዞ ቆይቶ ነበር፤ ቀስ ብሎ አወረዳቸው።

«ታዲያ እኔ የት ልሂድ?» ሲል ጠየቃት።

ውጭ የፖሊሱ መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃታል። መርማሪዋ ቦርሳዋን አነሣችና የአዳራሹን በር ከፍታ ያዘችለት።